ሴት ዘፋኝን ማን ይመርጣል?

ጋይንት ድምፅ የሚፈተንበት አገር ነው። የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ ድጓን የዘለቀ ተማሪ ከየትም ይነሣ ከየት፣ ማስመስከር ሲፈልግ መንገዱ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚያስመሰክረው ደግሞ ወደ ዙር አባ ያቀናል። የታች ጋይንት ዋና ከተማ በሆነችው በአርብ ገበያ ለገበያ የሚወጣው ሕዝብ እነዚህን ሁለት ስሞች ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ነው። በዚያ ፈተና ዳኛው የኔታ ናቸው። ተማሪው በቃሉ ያዜማል፣ እሳቸው ያዳምጣሉ፣ አንዲት ምልክት ከሳተ ይመልሱታል። መልኩ ማማሩ፣ አባቱ ባለጠጋ መሆኑ፣ ዘመድ መብዛቱ ለዜማው አይጨምርለትም። ግን ለፈተና የሚቀርበው ወንድ ነው። ሴቷ በሴቶች መቆሚያ ሆና እልል ትላለች፤ ያንን ሁሉ ዜማ በጆሮዋ ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ዛሬ ብዙ ወጣት ድምፁን የሚያስመሰክረው በቴሌቪዥን ነው። እንደ ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት ያሉ ውድድሮች ሲተላለፉ ከአዲስ አበባ እስከ ገጠር ከተማ ሻይ ቤት ድረስ ሰው ተሰብስቦ ያያል፣ ይከራከራል፣ ለሚወደው ተወዳዳሪ በስልኩ መልእክት ይልካል። እንዲህ ያለ ውድድር በተስፋፋበት አገር ሁሉ አንድ ጥያቄ ተነሥቷል፦ ተመልካች ሲመርጥ ሴቷን እንደ ወንዱ ይመዝናታል ወይ?

የኔ እምነት ይህ ነው፦ ሕዝባችን የሴት ድምፅ ጠልቶ አያውቅም። ሚዛኑ የሚዛባው መድረክ ላይ ማን እንደሚደርስ፣ ማን ከፍሎ እንደሚመርጥ፣ ሴቷም ከድምፅዋ ሌላ ምን እንድታስመሰክር እንደሚፈለግባት በሚወስነው አሠራር ነው። ይህ አሠራር ደግሞ ከቴሌቪዥኑ በፊት ነበር።

እስቲ ከሰርግ ዳስ እንጀምር። በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ ሰርግ ሲደገስ አዝማሪ ይጠራል። ባልየው መሰንቆውን ይገዘግዛል፣ ሚስትየው ታዜማለች፤ ተጋባዡ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይልና ግጥሙን ይሰጣል። ግጥሙ ያማረለት ወይም ስሙ የተነሣለት ሰው ኪሱ ገብቶ ብር ያወጣል፣ በዘፋኙ ግንባር ላይ ይለጥፋል። ይህ በአደባባይ የሚሰጥ፣ በገንዘብ የሚቆጠር፣ አንድ ሰው ደጋግሞ ሊሰጠው የሚችል ምርጫ ነው። ብሩን ይዞ የሚነሣው አባወራው ነው። በዚያው ዳስ ከበሮውን የሚመቱት፣ ሙሽራዋን በዜማ የሚሸኙት፣ ግጥሙን እዚያው ፈጥረው የሚያወጡት ሴቶች ናቸው፤ እነሱን ግን የሚሸልም የለም። ሥራቸው እንደ ጎረቤት ግዴታ ይቆጠራል። ከመካከላቸው አንዷ ድምፅዋ ከአዝማሪው ልቆ የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ሲያርፍ፣ ከዳሱ ጥግ «በቃሽ፣ ነይ እንግዳ አስተናግጂ» የሚል የአባት ወይም የወንድም ድምፅ ይሰማል። ሰርግ ላይ የቆየ ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም።

ለቅሶ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በለቅሶ ቤት ዋናዋ አልቃሿ ናት። ሟቹ ጀግና ነበር ወይስ ፈሪ፣ ቸር ነበር ወይስ ንፉግ፣ ልጆቹን አሳድጎ ሄደ ወይስ በትኖ፣ በሙሾ አውጥታ የምትናገረው እሷ ናት፤ ሽማግሌውም ባለሥልጣኑም አንገቱን ደፍቶ ይሰማታል። በሕይወቱ ሴት ያልዳኘችው ወንድ በሞቱ በሴት ግጥም ይዳኛል። ስለዚህ የሴት ድምፅ አደባባይ አልለመደም የሚለው ክርክር በእኛ አገር አያስኬድም። የለመደው አደባባይ ግን ገንዘብና ስም የማይገኝበት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ቢሆን ደንቡን የሰበሩ አልጠፉም። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ተምረው፣ ጉባኤ ዘርግተው፣ ወንዶች ተማሪዎችን አስመርቀዋል። በኋለኛው ዘመን ደግሞ የቻግኒዋ ልጅ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ በልጅነቷ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረችው እቤታቸው ይመጡ ከነበሩ ቄስ ነው። የዚያ ትምህርት ጣዕም በኋላ በዘፈኗ ሁሉ ይሰማል። እነዚህ ሁለት ሴቶች አባት ወይም ካህን በር ስለከፈተላቸው ተሰሙ። በሩ ያልተከፈተላቸው ስንት እንደነበሩ የሚቆጥር መዝገብ የለም፤ እኔን የሚቆጨኝም ይህ ነው።

ከተማው መድረክ ሲያቆም የገጠሩን ሚዛን ይዞ ነው የመጣው። በመጀመሪያዎቹ የአዲስ አበባ ቲያትሮች የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ ወደ መድረክ ሲወጡ ከቀደሙት ሴት ተዋንያን አንዷ ሆኑ፤ ክራራቸውን ይዘው ዘፈኑ፣ ተወኑ፣ ሰውም ወደዳቸው። ግን በዚያ ዘመን ለሴት ዘፋኝ የሚሰጠው ጭብጨባና ስድብ ከአንድ አፍ ይወጣ ነበር። ማታ ሲያጨበጭብላት ያመሸ ሰው ጠዋት ልጁ እንዳትጠጋት ይከለክል ነበር። ብዙነሽ በቀለ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር፣ ሜሪ አርምዴም ከክራራቸው ጋር በዚህ ሁሉ መካከል ሠርተው ስማቸውን ተከሉ።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ምርጫም ተጀመረ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወንድ ሴት ሳይል የመምረጥ መብት ሰጠ፤ በ1950 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ሲካሄድ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ፣ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ደራሲና መምህርት፣ በጠላት ወረራ ዘመን አርበኛና እስረኛ የነበሩ ሴት ናቸው። ለአንዲት ሴት የምክር ቤት ወንበር ለማግኘት ይህን ሁሉ ታሪክ ተሸክሞ መቅረብ እንዳስፈለገ ልብ ይሏል። አብረዋቸው ከተመረጡት ወንዶች ብዙዎቹ የመሬትና የዘር ስም በቂያቸው ነበር።

ከዚያ ካሴት መጣ። ለሴት ድምፃውያን ከቴሌቪዥን ውድድር ይልቅ ካሴት ደግ ዳኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። ካሴት የሚገዛ ሰው ለማንም አይናገርም፤ ሱቅ ገብቶ ይከፍላል፣ ቤቱ ወስዶ ይሰማል። ማንን እንደወደደ ጎረቤት አይጠይቀውም፣ ዘፋኟ ከማን ጋር እንደምትኖርም ካሴቱ ላይ አልተጻፈም። ጎንደር የተወለደችው አስቴር አወቀ ገና በወጣትነቷ ሀገር ፍቅር ቲያትር ዘፍና፣ በደርግ ዘመን አሜሪካ ከሄደች በኋላ በካሴቶቿ የአገሩን ጆሮ ያዘች። ከአዲስ አበባ ታክሲ እስከ ጋይንት ሚኒባስ የሷ ድምፅ ያልተሰማበት ቦታ አልነበረም። ዳኛ አልነበረባት፣ ነጥብ የሚሰጥ አልነበረም፤ ሰው ግን በገዛ ገንዘቡ መረጣት። ሕዝብ ለሴት ድምፅ አይከፍልም የሚል ካለ የአስቴርን ዘመን ይጠይቅ።

ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ዘመን አንድ ጣቢያ ብቻ ስለነበር ተመልካች ከማየት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዚያ በ1997ቱ ምርጫ ማግስት በአገሪቱ የአጭር መልእክት አገልግሎት ተዘጋ፤ የተከፈተው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በሚሊኒየሙ መባቻ ነው። በሌላው ዓለም ተመልካች ዘፋኙን በመልእክት ሲመርጥ በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ ኢትዮጵያዊው ለእናቱ እንኳ መልእክት መላክ አይችልም ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ኢትዮጵያን አይዶል የዳኞች ውድድር ሆኖ በሰው ልብ የቀረው ለዚህም ይመስለኛል፤ ዛሬም ሰው ሲያነሣው የሚያስታውሰው የዳኛውን የሙዚቀኛ ፈለቀ ኃይሉን አስተያየት ነው። ቀጥሎ አብርሃም ወልዴ ያዘጋጀው ባላገሩ አይዶል መጣ፣ ከየክፍለ ሀገሩ ወጣት ሰበሰበ፣ በመጀመሪያው ዙርም የጎንደሩ ዳዊት ጽጌ አሸነፈ። ዳዊት ማሸነፉ የሚገባው ነው፤ ድምፁን የሰማ አይከራከርም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዳዊት ጋር እኩል ድምፅ ይዛ ከቤቷ ያልወጣችው ልጅ ናት።

አገራችን በተመልካች ምርጫና በሴት ላይ ያላትን ጠባይ በግልጽ ያየነው ግን በዘፈን ውድድር አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ክረምት፣ ቢግ ብራዘር አፍሪካ በተባለው የቴሌቪዥን ውድድር ስምንተኛ ዙር፣ ከ14 አገሮች 28 ሰዎች አንድ ቤት ገብተው ነበር፤ ሽልማቱ 300,000 ዶላር ነበር። ኢትዮጵያ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልካለች። ሴቷ የአዲስ አበባ መምህርት ነበረች። በቤቱ ከአንድ የሴራሊዮን ተወዳዳሪ ጋር የነበራት ግንኙነት በካሜራ ታየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፤ በፌስቡክ ስድቡ ዘነበ፣ አገር አዋረደች ተባለ፣ በሕግ ትጠየቅ የሚሉ ድምፆች ተሰሙ፣ መምህርነቷ እንዲወሰድባት የጠየቁም ነበሩ። ዲኤስቲቪ ያለው ቤት ጥቂት በነበረበት አገር ከተሳዳቢው ብዙው ፕሮግራሙን አላየም፤ የተቆረጠ ቪዲዮ ነው ያየው። ሴራሊዮናዊው ግን በእኛ ዘንድ ስሙ ብዙም አልተነሣም። የእኛ ዜጋ አይደለም ብሎ የሚከራከር ሊኖር ይችላል፤ ልክ ነው። ግን እስቲ ካሜራው ያሳየው ኢትዮጵያዊውን ወንድ ከአንዲት የውጭ አገር ሴት ጋር ቢሆን ኖሮ፣ ያን ያህል አገር ይታመም ነበር? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

የዚያ ውድድር አቆጣጠር ሊጠና የሚገባው ነው። የተመልካች ምርጫ የሚቆጠረው በጠቅላላ ብዛት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ተሳታፊ አገር በብዙኃኑ ለመረጠው ሰው አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ የቀረው አፍሪካ ተጠቃሎ አንድ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ የገዛ አገሯ የተቀየመባት ተወዳዳሪ ከሁሉ አስቀድማ የምታጣው የአገሯን ድምፅ ነው። ያን ዙር ያሸነፈችው የናሚቢያዋ ዲሊሽ ማቲውስ ናት። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በተካሄዱት ዘጠኝ ዙሮች ከወጡት 10 አሸናፊዎች ሴቶቹ ሦስት ናቸው፦ የዛምቢያዋ ሼሪስ ማኩባሌ፣ የናይጄሪያዋ ካረን ኢጎ እና ዲሊሽ። ካረንም ያሸነፈችው ከአንድ ወንድ ጋር እኩል ተጋርታ ነው።

የእኛን ለብቻው ማየት እንዳይሆንብን ወደ ውጭም እንይ። በአፍጋኒስታን የዘፈን ውድድር «አፍጋን ስታር» በ2008 እ.ኤ.አ. ሁለት ሴቶች ጎልተው ወጡ። ከካንዳሃር የመጣችው ሌማ ሳሃር ሦስተኛ ሆነች። ሰታራ የተባለችው የሄራት ልጅ በተሰናበተችበት ቀን መድረክ ላይ ስትወዛወዝ የራስ መሸፈኛዋ ወረደ፤ የሞት ዛቻ ተከተላት። በዚያ ውድድር ሴት ለማሸነፍ እስከ 2019 እ.ኤ.አ.፣ እስከ 14ኛው ዙር ድረስ መጠበቅ ነበረባት፤ ያሸነፈችውም ዛህራ ኤልሃም ናት። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአቡዳቢው የግጥም ውድድር «የሚሊዮኖች ገጣሚ» ላይ ሂሳ ሂላል የምትባል ሳዑዲ፣ ፊቷን ተሸፍና፣ ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብይን) የሚያወጡ አክራሪዎችን የሚወቅስ ግጥም አቅርባ ሦስተኛ ወጣች። ዛቻ ለእሷም አልቀረላትም።

ሕንድ ያስተማረችን ሌላ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የኢንዲያን አይዶል አሸናፊ ፕራሻንት ታማንግ የተባለ የዳርጂሊንግ ተወላጅ ፖሊስ ነበር። ወገኑ የሆነው የጎርካ ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ስልክ ገዝቶ፣ ተደራጅቶ መረጠው፤ የተፎካካሪው የአሚት ፖል አገር ሜጋላያም ተመሳሳይ አደረገች። ሴት ያሸነፈችው በአራተኛው ዙር፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው፤ የትሪፑራዋ ሶራቢ ደባርማ። ነገሩን ለእኛ አገር አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ምርጫው በወገን ሲደራጅ ወገን የሚወጣለት ለወንድ ልጁ ነው፤ ወንዱ የአካባቢው ባንዲራ ይሆናል፣ ሴቷ ግን ነገ የሌላ ቤት ናት እየተባለች ነው ያደገችው።

በአሜሪካ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። አሜሪካን አይዶልን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዙሮች አራት ሴቶች አሸንፈውታል። ከ2008 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ግን አምስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፉት ነጭ ወጣት ወንዶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ጊታር ያነገቱ ነበሩ። ብዙ ታዛቢዎች ምክንያቱን ያገኙት አክራሪ ከሆኑ ወንድ መራጮች ዘንድ አልነበረም። ስልክ ይዘው ለሚወዱት ልጅ በአንድ ሌሊት ደጋግመው ይልኩ ከነበሩት ወጣት ሴቶች ዘንድ ነው። ለአንድ ሰው ያለገደብ እንዲመርጥ የሚፈቅድ አሠራር ፍቅር የያዘውን መራጭ ያነግሣል፤ ሁሉንም እኩል ሰምቶ አንዴ የሚመርጠው ተመልካች ይዋጣል። ካንዲስ ግሎቨር በ2013 እ.ኤ.አ. ስታሸንፍ ያ ሰንሰለት ተበጠሰ።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ አርብ ገበያ ስመለስ የማየው ስልኩን ነው። በገጠር ቤት ስልክ በብዛት የሚገኘው በአባወራው ወይም በወንድ ልጁ ኪስ ነው። ካርዱን የሚሞላው፣ ሒሳቡን የሚያውቀው፣ ቁጥር ጽፎ የሚልከው እሱ ነው። እናትየው ቴሌቪዥን ላይ ያየቻትን ልጅ ብትወድም ለመምረጥ ልጇን «ላክልኝ» ማለት አለባት፤ ልጇ ደግሞ የራሱ ምርጫ አለው። የክፍያ መልእክት ሲሆን ገንዘቡ ያለው ደጋግሞ ይልካል፣ እናትየው አንዴም ሳትልክ ውድድሩ ያልቃል። በግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር ወደ ስልክ ገባ፤ የሚለጥፈው እጅ ግን ያው ነው። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ የዚህ አካባቢ ሰው ወንድም ሴትም ከዩቲዩብና ከፌስቡክ ክርክሩ ውጭ ሆኖ ነበር።

ከምርጫው በፊት ያለው በር ደግሞ ይብሳል። አንድ የጋይንት ወጣት ለማጣሪያ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር እሄዳለሁ ሲል «ሂድ፣ ዕድልህን ሞክር» ይባላል። እህቱ ያንኑ ስትል ጥያቄው ይዘንባል፦ ከማን ጋር? የት ታድሪያለሽ? ማን አየሽ? ሳታልፊ ብትመለሺ ምን ይባላል? ሰርግ ላይ «በቃሽ» የተባለችው ልጅ እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ በቴሌቪዥን የምናያቸው ሴት ተወዳዳሪዎች ይህን ሁሉ አልፈው የመጡ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ተመልካቹ ቀሚሷ አጠረ፣ ሣቋ በዛ፣ ትኮራለች እያለ ሁለተኛ ፈተና ያወጣላታል። ለወንዱ እንዲህ ያለ ፈተና የለም፤ የድሃ ልጅ መሆኑና ማልቀሱ እንዲያውም ነጥብ ያስገኝለታል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ የሚፈልገው የአዘጋጆችን ፈቃድ ነው። አንድ ስልክ በአንድ ሳምንት አንዴ ብቻ እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል፤ ለቴሌኮም ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። መልእክቱን ነፃ ማድረግ ገቢ ይቀንሳል፣ ግን የሰርጉን ዳስ ሕግ ከመድረኩ ያወጣል። የመጀመሪያውን ማጣሪያ በመጋረጃ ማድረግም ይቻላል። በአሜሪካ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው ሙዚቀኛ የሚፈትኑት ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ ዘ ቮይስ የተባለው የሆላንድ ውድድርም በ2010 እ.ኤ.አ. ዳኞቹን ጀርባቸውን አዙረው እንዲሰሙ አስቀምጧቸዋል። ዓይናቸው በማያይ መምህርት ፊት ቅኔ የተቀኙ ተማሪዎች ላፈራች አገር ይህ ባዕድ ነገር ሊሆን አይገባም። ማጣሪያውም ከከተማ ወጥቶ ወደ ወረዳዎች ይውረድ፤ አርብ ገበያ ላይ በገበያ ቀን ማጣሪያ ቢደረግ ልጅቱ ከእናቷ ጋር መጥታ፣ ዘፍና፣ ከእናቷ ጋር ትመለሳለች፣ ማደሪያ የሚጠይቃት የለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይደረግ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በየዙሩ ስንት ሴትና ስንት ወንድ ተመዘገበ፣ ከዳኞች ፊት ስንቱ አለፈ፣ በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስንት መልእክት ከየትኛው አካባቢ ደረሰ፣ ጣቢያዎቹ በየዙሩ መጨረሻ በይፋ ያውጡ። ቁጥሩ ከወጣ ሴቷ የምትጎዳው በምዝገባው፣ በዳኞቹ ወይስ በስልኩ መሆኑን ማንም ደምሮ ማየት ይችላል፤ እስካሁን የምንከራከረው ቁጥሩ ስላልወጣ ነው።